ጣሳው የተሰቀለበት ምስማር

ወንዙ በስተግራ፣ ዓለቱ በስተቀኝ፤
የወረዳው መንግሥት ውሃ መርማሪ ነኝ።
ከኋላ ወንበር ላይ የበረዶ ሣጥን፣
ስድስት ትንንሽ ጠርሙስ፣ የሙቀት መለኪያ፣
አንድ አዲስ ሰሌዳ፣ መዶሻና ምስማር፣
ከአለቃዬ እጅ የወጣ አጭር ማስጠንቀቂያ።

ግሪንብራየር ወንዝ፣ ትምህርት እንደጠላ ልጅ፣
ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ እየዞረ እንጂ።
መንገዱም ተከትሎት ሲዞርና ሲመለስ
የዛገ ቧንቧ አለ፣ ቀን ሌሊት የሚፈስ።
ማን እንደተከለው የሚያውቅ ሰው የለም፤
ዌስት ቨርጂኒያ በረዶ ስትለብስ እንኳ ቀጥ ብሎ አያውቅም።

ቀድመውኝ ቆመዋል።
አራት ፒክአፕ መኪና፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ
(ልጆቹን አድርሶ ባዶውን ሲመለስ)፤
ዶይል፣ የከሰል አቧራ ሳንባውን የበላው፣
የኦክስጅን ቱቦ ካፍንጫው ያልተለየው።
የልጅ ልጁ ይሸከማል፣ እሱ ይቆጥራል፤
"አሥራ አንድ" ይላል፣ ትንፋሹ ያጥራል፤
እንደገና፣ "አሥራ አንድ"።
ከፊቱ ወይዘሮ ቨርላ፣ ባርኔጣዋ የወንድ፦
"በቤት ቧንቧ ውሃ ባቄላ አይበስልልኝም፤
ቢበስልም" ትላለች፣ "ባቄላ አይመስልም።"

ጠርሙሴን ሞላሁና ቅጹን አወጣሁት።
"የውሃው ምንጭ" ይላል፤ ባዶውን አየሁት።
ምንጭ ብዬ ልጻፍ? ምንጩስ ምንጩ ማነው?
ተራራ ብል ደግሞ፣ ተራራው ከየት ነው?
"ቅዳ እንጂ!" አለኝ ዶይል፤ እውነት ነው፣ ሰማሁ፤
ያለፈውን ዓመት ቅጽ አውጥቼ ቀዳሁ።

ሰሌዳውን መታሁ፣ ከቧንቧው ክንድ ከፍ ብሎ፣
"ለመጠጥ ያልተፈቀደ"፣ በቀይ ተኩሎ።
ማንም አልተቆጣኝ። ቨርላ መነጽሯን ፈልጋ
አነበበች፣ ቀስ ብላ፣ ወደ እንጨቱ ተጠግታ።
"ጽሕፈቱስ ያምራል" አለች። አራት ጀሪካን ቀድታ
ሄደች፣ በመስኮቷ እጇን ብቻ አውጥታ።

በወሩ ስመለስ ሰሌዳው እዚያው ውሏል፤
በገዛ ምስማሬ ጣሳ ተንጠልጥሏል።
ጣሳውን አነሣሁ፣ ድንጋይ ላይ አኖርኩት፤
በሌላው ወር መጣሁ፣ ከምስማሩ አገኘሁት።
በሦስተኛው ሰሌዳው ራሱ ተነቅሎ
ከመንገዱ ማዶ፣ ወደ ወንዙ ዞሮ ተሰቅሎ፤
ዓሣው እንዲያነበው።

ውሃ ስወቅጥ ከረምኩ። ክፉ ሥራ አይደለም፤
ይረጫል፣ ይመለሳል፣ ቂም ግን አይዝም።

ውጤቱ በሐምሌ መጣ፦
ከዝናብ ማግሥት ጥቂት፣ በደረቁ ምንም።
ለቨርላ አነበብኩላት፤ እምብዛም አልደነቃትም።
"የጎርፉ ዓመት" አለች፣ "የከተማውን ጣቢያ ጭቃ ውጦት፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን፣
በየበራችን ላይ 'እንዳትጠጡ' ተባልን።
ያኔ የዚህ ቧንቧ ሰልፍ እስከ ድልድዩ ነበር፤
ሰሌዳ ይዞ የመጣ አንድም ሰው አልነበር።
አንተ አታስታውሰውም።"

አስታውሳለሁ። ስድስት ዓመቴ ነው።
በአባቴ ፒክአፕ ጀርባ፣ ልብሴ ጭቃ እንደለበሰ፣
ጀሪካን በጉልበቴ መሐል፤
በየኩርባው ውሃው ደረቴ ላይ ፈሰሰ።
አልነገርኳትም።
ጣሳውን ከምስማሩ አውርዳ አቀበለችኝ፤
ጥርስ የሚቆረጥም ብርድ። የደረት ኪሴ ውስጥ
ውጤቱ እንደታጠፈ፣
ጠጣሁ።

በጥቅምት የዶይል የልጅ ልጅ ብቻውን መጣ።
ቅጠል ቧንቧውን ደፍኖት ነበር፤ በጣቱ አወጣ።
ሞላ፣ ጫነ፣ ቆጠረ።
አሥር ላይ አቆመ። ወደ መኪናው ዞረና
እንደገና ቆጠረ።
እኔም ጠርሙሴን ያዝኩና
ዝም አልኩ።

ልጁ ሲሄድ አየሁት፣ ምስማሩ ላልቷል፤
የጣሳው ክብደት ወደ ታች ጎትቶታል።
መዶሻዬን አመጣሁ። ሦስቴ መታሁት።
ጣሳውን፣ አፉን ወደ ታች፣ መልሼ ሰቀልኩት።
ከዚያም መዝገቡን ገልጬ፣ ቀኑን፣ ሙቀቱን ከትቤ፣
"ሌላ ሥራ" በሚለው ሥር ጻፍኩኝ አስቤ፦
ጥገና። አንድ ምስማር።