አስራ ሁለት ቁጥር ቁልፍ

እሁድ ከሆነማ፣ ባሌ እግር ብቻ ነው፤
ቀሪውን አካሉን መኪናው የዋጠው።

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ መቶ አርባ፣ ከውሃው ታንከር ጥግ፣
ነፋስ ከገመድ ላይ የሰው ልብስ ሲነጥቅ፣ ደግሞ ሌላ ሲፈልግ፣
ከክሪኩና ከድንጋዩ መሀል ተጋድሞ ይጠራኛል፤
«አስራ ሁለት ቁልፍ!» ይለኛል።
አቀብላለሁ።
«አስራ አራት እኮ ነው ያልኩሽ!» አስራ ሁለት ነው ያለው፤
ከእግር ጋር ክርክር የለም፤ ፊት የሌለውን ምን ትዪው።

ከኤምባሲ ጨረታ መጣች፣ ሰባት ሰው የምትጭን፤
ሊብሬዋ በእሱ ስም ነው፤ ዕዳዋ በስማችን።
«ቱርቦ አላት» ይል ነበር፣ ልጅ እንደ ወለደ ሰው፣
ጥበቃውን ጋሽ ገመቹን ጠርቶ፣ ኮፈን ከፍቶ ሲያሳያቸው።
አይተው አይተው፦ «ጥሩ ነው፤ ግን ይሄ ቀንድ አውጣ ምንድነው?»
«የሚባክነውን ጭስ መልሶ ጉልበት ያደርጋል» አለ ባሌ።
እንዲህ ያለ ለደሞዛችንም በተገጠመ፣ አልኩ በልቤ።

ዳገት ስትወጣ ታፏጫለች፣ ቀጭን ፉጨት።
ኩርባ ላይ ግን ትጋደላለች፤
ሜላት ከኋላ ወንበር ፌስታል ይዛ ትጠብቃለች።
ቂሊንጦ ላይ ቁርሷን ትመልሳለች፣
ገላን ስንደርስ የማታውን እራት።

ለዚህ ነው ያ ሁሉ እሁድ። ለፍጥነት አይደለም።
ሶማሌ ተራ፣ ነስሩ ጋ፣ ያልተጠየቀ ዕቃ የለም፦
ወፍራም ባራ፣ ከሌላ መኪና የተፈታ፣
ጠንካራ ቦኮላ፣ አራት አሞርዛተር፤ ሁለቱ አዲስ፣
ሁለቱ «እንደ አዲስ»፣ ነስሩ ማለ፣ ባሌ ተረታ።
የፋሲካችን በግ ዘንድሮ አሞርዛተር ሆኖ መጣ፤
እሱም አራት እግር ነበረው፤ ምን ልበል፣ በምን ልቆጣ።

ማክሰኞ ነው። እሱ ለሥራ ሰመራ ሄዷል።
ሜላት ፈተና አላት፣ ሰዓቱ ገፍቷል።
ቱሉ ዲምቱ ሳንደርስ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣
ቧ!
ፉጨቱ ጠፋ። ጥቁር ጭስ። ጉልበቷ ወደቀ፤
ከኋላዬ ሲኖትራኩ ጡሩምባውን ለቀቀ።
ዳር ያዝኩ። ኮፈን ከፈትኩ። ሰው ተሰበሰበ ወዲያው፣
ሁሉም ሐኪም፦ «ካንዴላ ነው!» «ነዳጅ ነው!» «ሴት ልጅ ስትነዳው...»
የሰመራው ስልክ አይነሳም።

እኔ ግን ያን ማኒኮቶ አወቅሁት፤ ከቦታው ወጥቶ ተንጠልጥሏል፤
ሦስት እሁድ ይዤዋለሁ፤ ሽታው እጄ ላይ ውሏል።
አቀባይ ምን ያውቃል ይላሉ።
አቀባይ ስም ያውቃል። ቁጥር ያውቃል።
የቱ ከየት እንደ ተፈታ፣ የቱ በስድብ እንደ ገባ ያውቃል።

ከወንበሩ ሥር ሣጥኑን ሳብኩ። ካቻቢቴ።
ፋሸታውን አላላሁ፤ በሜላት ሹራብ ይዤ፣ ያቃጥላል፣
ቱቦውን ገፋሁት፣ ባለኝ ጉልበቴ።
አጠበቅሁ፤ ደገምኩት፤ ጥፍሬ ተሰበረ፤
ከሐኪሞቹ አንዱ «ወደ ቀኝ ነው የሚጠብቀው» ብሎ መከረ።
አውቃለሁ፣ አልኩት።

አስነሳሁ። ዳገቱን ስንይዝ ያ ቀጭን ፉጨት መጣ።
አደባባዩን ዞርኩት፤ ትንሽ ፈጠን ብዬ፣ ልፈትናት ብዬ፣ ይቅር ይበለኝ፤
መኪናዋ አልተጋደለችም፤ ቀጥ ብላ ዞረች።
በመስታወቱ ሜላትን አየሁ፦
ፌስታሉ ታጥፎ ጭኗ ላይ፤ እሷ ደብተሯን ታነባለች።

ቅዳሜ መጣ። እሁድ እንደ ልማዱ ገባ ከሥሯ።
ቆይቶ እግሩ ተናገረ፦
«ይቺን ፋሸታ ማን ነው ያጠበቃት?»
«ምነው?»
«ምንም። እጁ ጎበዝ ነው።»

ዝም አልኩ። ቦርሳዬ ውስጥ አንዲት ዳዶ አለች፣
ያን ቀን ኮፈን ስዘጋ ባትሪው ላይ ቁጭ ብላ የተረፈች።
ከየት እንደ ወደቀች አላውቅም፤
ለክቻታለሁ፤ አስራ ሁለት ናት።
መኪናዋ ደህና ትሄዳለች።
ነገ እነግረዋለሁ።