ያለፈው ንባብ

ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፣ በደሴ ውኃ አገልግሎት፤
ክዳን አንስቼ፣ አጎንብሼ፣ ቁጥር የምለቅም በየቤት።
ውሻ ያውቀኛል፣ ከሸዋ በር እስከ ቧንቧ ውኃ፤
ዳገቷን በእግሬ አውቃታለሁ፣ ደጇን ሀብታም ከድሃ።

ሯጭ አይደለሁም። አርባ አራት ዓመት፣ ሁለት ልጅ፣ አንድ የታመመ ጉልበት፤
ጫማዬም ልባሽ ነው፣ ከሰኞ ገበያ፣ የሌላ ሰው እግር ያለፈበት።

እና ዛሬ፣ ሌሊት አሥር ሰዓት፣ ሐይቅ ዳር ቆሜያለሁ፤
ሲያነቡት የኖሩት ቁጥር፣ ይኸው፣ ደረቴ ላይ ለጥፌያለሁ።
ስልሳ ሦስት ኪሎ ሜትር። በቦሩ ሜዳ፣ በኩታበር፣ በጦሳ ትከሻ ዞሮ፣
ሆጤ ሜዳ ላይ ያልቃል አሉን። ያልቃል ወይ? አይታወቅም ከጅምሩ።

ወጣቶቹ ገና ከመነሻው እንደ ቆቅ ብር አሉ፤
"ጋሼ፣ ቀስ!" እያሉኝ አለፉ፤ እኔም ቀስ አልኩ፣ እንዳሉ።

ቦሩ ሜዳ፣ ጨው የበዛበት የድንች ቅቅል፤
ዘሃራ የምትባል ልጅ፣ "አብሽር! ይህን ቀምሶ የወደቀ የለም" ስትል፣
ሆዴ መለሰው፤
ጆሮዬ ግን ዋጠው።

ከዚያ ወዲያ ድንጋይ ነው። ድንጋይ። ከድንጋይ ቀጥሎ ጭቃ።
ከቀኝ ጉልበቴ ጋር ክርክር፦
"ቁጭ በል።"
"እስከዚያች ጽድ።"
"ከዚያ በቃ?"
"በቃ።"
ጽዷ ትደርሳለች። ከጽዷ ኋላ ሌላ ጽድ አለች።
እንዲህ እየዋሸሁት ነው ኩታበር የደረሰው።

ከከተማዋ በላይ፣ ገብስ የሚያጭዱ አንድ አዛውንት፣
ማጭዳቸውን ወገባቸው ላይ ሻጥ አርገው፣ ቀና አሉና ከርቀት፣
"ማን ሞተ?" አሉኝ።

በዚህ አገር ጎልማሳ ሰው፣ ላብ እያጠበው፣ በጠራራ፣
ሰው ካልሞተ በቀር አይሮጥም፤ እግሩ ነው መርዶ የሚያወራ።

ልስቅ ነበር። "ማንም" ልል አፌን ስከፍት፣ አፌ ደረቀ።
አባቴ፣ ስልክ በተቋረጠበት ዓመት፣ ከዚያ ጋራ ጥግ ወደቀ።
መንገድ ዝግ ነበር። የሮጠ የለም። በአርባ ቀኑ ሰማሁ፤
በሚኒባስ መጣሁ፣ የድንጋይ ክምር አየሁ፣ ተመለስኩ፣ ሥራ ገባሁ።

"አባቴ" አልኳቸው። "እንድሪስ ይመር፣ የታችኛው ወፍጮ ቤት።"
"መቼ?"
"ሦስት ዓመቱ።"
ማጭዱን መሬት አኖሩት። መዳፋቸውን ዘረጉለት፣
ቃል አልወጣቸውም ስለ መዘግየቱ።
ዱዓው ሲያልቅ ፊታቸውን አበሱ፦ "መርዶ ሰዓት የለውም፣ ልጄ። ደርሷል።"
ከቅላቸው አጠጡኝ። ጭስ ጭስ ይላል፣ ሥር ሥር ይላል፤
ቆጣሪ ያልገባበት ውኃ።

ጦሳ ጫፍ መሸብኝ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ነበረች፣
ተዋበች፣ የመጨረሻውን ሯጭ ተከትላ ምልክት የምትለቅም፤
ቀይ ጥብጣቡን ከአስታው ቅርንጫፍ አንድ በአንድ ትፈታለች፤
እሷ ካለፈች በኋላ ያ መንገድ መንገድ አይደለም።
"አትቸኩል" አለችኝ፣ "አንተ ሳታልፍ አልፈታም።"
ቆሜ ሳስመልስ ፊቷን አዞረች። ያዘነች አልመሰለችም።

ደሴ ከታች፣ መብራቷን እንደ ተሰበረ ጠርሙስ በትናለች።
ያ የእሙዬ ዘቢዳ ቤት ነው፣ የሦስት ወር ውዝፍ ያለበት፤
ያ ሁልጊዜ የሚዘጋው በር፤ ያኛው ቆጣሪው የተሰበረበት።
አንዱንም ከላይ አይቼው አላውቅም ነበር።

ሆጤ ስደርስ በነፋስ የሚቆመው በር ተንፍሶ ተጣጥፏል፤
ሰዓት መዝጋቢው ኮምፒውተሩን በጉያው ይዞ ሄዷል።
"አልቋል" አለኝ ዘበኛው። "አውቃለሁ" አልኩት፣
በሩ በነበረበት በኩል አለፍኩት።
ተዋበች ብቻ አጨበጨበች፣ ጥብጣብ በሞላ እጇ፣ ድምፅ አልነበረውም።

ማታ፣ እግሬን ሳፋ ውስጥ ነክሬ፣ ደብተሬን ገለጥኩ፦
ያሁኑ ንባብ፣ ስልሳ ሦስት።
ያለፈው ንባብ፣
ብዕሩን ይዤ ቆየሁ። ሳፋው ቀዘቀዘ።

ሰኞ በጠዋት፣ ሸዋ በር፣ ደረጃውን በጎኔ እንደ ሸርጣን ስወርድ፣
የእሙዬ ዘቢዳ ውሻ አየኝና፣
መጮኹን ትቶ፣ መንገድ ለቀቀልኝ።