ጎሽ

በላጉና ሐይቅ ዳርቻ፣ ከመናፈሻው ጀርባ፣
አንድ ጠባብ ክፍል አለ፣ ላብ የሚሸት ሰው ሲገባ።
እዚያ በየማለዳው፣ በሩ ለሕዝብ ሳይከፈት፣
ሰውነቴን ከምስማር ላይ አንጠልጥዬው እንደ ኮት፣
እግሬን ከእግሩ፣ እጄን ከእጁ አስገብቼ፣
ጎሽ ሆኜ ብቅ እላለሁ፣ ሁለት ቀንድ አውጥቼ።

ቆዳው ስፖንጅና ሱፍ ነው፣ ክብደቱ ዐሥራ አንድ ኪሎ፤
አንደኛው ቀንድ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል ተጠቅልሎ።
ዓይኖቹ ላስቲክ ናቸው፣ ምንም አያሳዩኝም፤
የማየው በአፉ ወንፊት ነው፤
አፌ ለማየት ነው እንጂ ለመናገር አይደለም።

ጆቬሊን ጃንጥላ ይዛ ከጎኔ ትሄዳለች፤
ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ጭራዬን ትጎትታለች።
«ጭንቅላት አይወልቅም» ይላል የሠራተኛው ደንብ፣
«ብትወድቅም፣ ቢያስመልስህም፣ ዝናብ እንኳ ቢዘንብ፤
ሕፃናት ሰው መሆንህን ማወቅ የለባቸውም።»
እኔም እንደ ደንቡ ነኝ፤
ስለ ሰውነቴ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ጎረምሳ ሆዴን በቡጢ ሲል ጓደኞቹ ይስቃሉ፤
እኔ እጨፍራለሁ፤ «ደስ ብሎታል» ይላሉ።
ላቤ ከቅንድቤ ወርዶ ዓይኔን እንደ በርበሬ ሲያቃጥል፣
እጄ ከውጭ ነው፣ ፊቴ ከውስጥ፤ አይገናኙም ልጠርግ ብል።

አባቴ ኑዌቫ ኤሲሃ፣ የሩዝ ማሳ ሲያርስ በጎሽ፣
ትልሙ ቀና ባለ ቁጥር ከብቱን ይለው ነበር «ጎሽ!»
እኔ ግን ደብተሬን ባሳየው፣ ውኃ ቀድቼ ብመጣ፣
ይቺ ቃል ለእኔ ስትሆን ከጉሮሮው መች ልትወጣ።
ኋላ ለባሕር ማዶ ሥራ ደላላ ገንዘብ ቢጠይቅ፣
ጎሹን ነድቶ ገበያ ወጣ፤
ገመዱን ይዞ ተመለሰ፣ ፊቱ ላይ ምንም ሳይታወቅ።
ደላላው በወሩ ጠፋ፤ ቢሮው ፀጉር ቤት ተባለ፤
ሪያድ ይሄዳል የተባለው ይኸው ላጉና አለ።
አሁን የተሸጠውን ከብት እየተካሁ ነው መሰለኝ፣
በሰዓት ተከራይቼ፣ ሕፃን ቀንዴን እየሳበኝ።

ማክሰኞ ዕለት አየኋት፤
በአፌ ወንፊት፣ ቁርጥርጥ ሆና፤ ባርኔጣዋ፣ የወርቅ ጥርሷ፤
አሊንግ ፔርፔቱዋ ናት፣ የቤት አከራዬ፣ እሷው ራሷ።
ትናንት ማታ በሬን ስትደበድብ «የሁለት ወር!» እያለች፣
መብራት አጥፍቼ ትንፋሼን ውጬ ነበር፤ ብዙ ቆየች።
የልጅ ልጇን አምጥታለች፤ ልጁ ግን ፈርቶኝ አለቀሰ፤
«አይናከስም፣ እይ» አለችው፤ እጇ አንገቴን ዳሰሰ፤
አቀፈችኝ።
አቀፈችኝና ቆየች።
ጉንጯን ከስፖንጅ ደረቴ ለጥፋ፣ ባርኔጣዋ ወደቀ፤
ልጁ ማልቀሱን ተወ፤ የሰልፉ ሰው ጠበቀ።
«አንተ ከብት» አለች በቀስታ፣ ለእኔ ሳይሆን ለሱፉ፣
«የማንኳኳባቸው ሁሉ መብራት ነው የሚያጠፉ።»

ጆቬሊን ጭራዬን ሳበች፤
ደግማ ሳበች።
አፌ ክፍት ነው፣ ሰፊ፣ ጥርሱ የተቀባ፣ የሚስቅ፤
ከውስጡ ያለው ሌላ አፍ ግን ደንቡን ነው የሚጠብቅ።
በወፍራም ክንዴ ጀርባዋን መታ መታ አደረግሁ፤
ያባቴ እጅ ከጎሹ ጀርባ እንዴት ያርፍ እንደነበር አስታወስሁ።

ማታ በሬ ተንኳኳ።
እጄ ወደ ማጥፊያው ሄደ፤ ተመለሰ፤ ከፈትኩላት።
የአንዱን ወር በፖስታ አድርጌ «ይኸው፣ አሊንግ» አልኳት።
ጣቷን በምራቅ እያራሰች ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች።
ከዚያ ቀና ብላ አንገቴን ትክ ብላ አየች፤
ከሸሚዜ ኮሌታ ላይ ግራጫ ሱፍ አነሣች፤
በጣቶቿ መሀል አሸችው፣ ወደ መብራቱ አስጠጋች።
ዝም አለች።
እኔም ዝም፤ የለመድኩት ደንብ ነው።
«የቀረውን ዓርብ» አለችኝ፣ ሱፉን በጡጫዋ ይዛ፤
ወረደች፣ ደረጃ በደረጃ፣ ግድግዳውን ተመርኩዛ።