ለጉበት ማን ገጠመ

ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ቁልፉን ሳዞረው፣
ኦርቪል ከደጃፉ ቀድሞኝ ነው የቆመው።
የዱሉዝ ጥር ነው፤ ከሐይቁ የሚነፍስ
ንፋሱ ጢሙን ነጭ በረዶ ሲያለብስ፣
እሱ ግን እጁን ነው ከዓይኔ የሚጋርድ፤
እንዲህ የሚያንዘፈዝፍ አይደለም የኛ ብርድ።

«ትንሿን» ይለኛል፤ ሳንቲሙ ሲበተን
እኔ እንዳላየ ሰው እጠርጋለሁ ጠርሙሱን።
መኪናው ውስጥ ገብቶ ሁለት ጉንጭ ይውጣል፤
በመስታወት አያለሁ፤ ጣቱ ቀጥ ይላል።

መጠጥ አንቀጠቀጠው ይላል የማያውቅ፤
ነገሩ ግልባጭ ነው፣ ቀስ ብሎ ለሚጠይቅ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ አረቄ ልጓም ሲስብ፣
አንጎል እንዳይወድቅ ፈረሱን ሲጋልብ፣
ሌሊት ልጓም ሲላላ፣ ጠርሙሱ ሲጎድል
ያ የተቆጣ ፈረስ ጣቱ ላይ ይዘላል።

ስም ጸሐፊ ነበር። የጀልባ ባለቤት
የሚስቱን፣ የእናቱን፣ የውሻውን ስም ሲሰጡት
ክር ሳይዘረጋ፣ እርሳስ ሳያስቀድም
በአንድ ትንፋሽ ይጽፋል፤ ቀለሙ አይወርድም።
የኛንም መስኮት ላይ ወርቃማውን ጽሕፈት
እሱ ነው የጻፈው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አለበት።
አምና ሊያድሰው መጥቶ፣ የመጨረሻዋ ፊደል
ደረጃ እንደሳተች ሴት ወርዳለች ወደ ቁልቁል።
አለቃዬ ሳቀ።
እኔም ሳቅሁ፤ ደሞዜ ከዚያው ነው።

ቋንቋችን ለጋስ ነው፤ ለልብ ይገጥማል፤
አንጀት ይንሰፈሰፋል፣ ሆድ ይባባል፣
ጨጓራ ይላጣል፣ ሐሞት እንኳ ይፈሳል።
ለጉበት ማን ገጠመ? ማን ወዶ ያውቃል
«ጉበቴ» ብሎ?
በጥሬዋ፣ ከሚጥሚጣ ጋር ስትቀርብ ነው ስሟ የሚጠራ፣
ያውም ከመጠጥ ጋራ።
እሷ ግን ጓዳ ናት፤ ያመጡላትን ሁሉ ታጥባለች፤
ስትሰባ ዝም፣ ስትቆስል ዝም፣ ጠባሳዋን ትሸምናለች።
ሕመም የምትናገርበት አፍ የላትም፤
የዓይን ነጩ ቢጫ ሲሆን ነው የሚታወቅ፣
ያን ቀን ደግሞ ማጠብ አትችልም።

ብሪታ፣ ልጁ፣ አንድ ቀን ሱቅ መጣች።
አልጮኸችም። ጓንቷን አውልቃ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።
በሰርጓ ማታ ወንድሟ እንዳልጨፈረ፣
የአባቱን የመኪና ቁልፍ ጨብጦ እንዳደረ
ነገረችኝ። «አትሽጪለት።»
ሕጉን ጠቀስኩላት፦ ለሰከረ ሰው መሸጥ ክልክል ነው፤
አባትሽ ግን እኔ ጋ የሚመጣው
ከቀኑ ሁሉ በማይሰክርባት በዚያች አንዲት ሰዓት ነው።
ጓንቷን ረስታ ሄደች።

በማግስቱ ጻድቅ ሆንኩ። «የለም» አልኩት፣ «አልቋል»፤
ከኋላዬ ሦስት መቶ ጠርሙስ ተደርድሯል።
አልተቆጣም። «እሺ፣ ነገ» አለና ወጣ።
ከቀትር በኋላ የአምቡላንስ ጩኸት መጣ፤
አውቶቡስ ማቆሚያው ሥር ያ ፈረስ ሲፈራገጥ፣
ምላሱን ነክሶ፣ ጫማው አስፋልቱን ሲቀጠቅጥ።
ሐኪሟ ቆይታ ነገረችኝ፤ በአንድ ጀንበር አይተውም፤
ከዚህ ገደል ያለ ሐኪም እጅ አይወረድም።
መስጠቴም ገፋው፣ መንፈጌም ጣለው፤
የሒሳብ ማሽኑ ግን ለሁለቱም ዝም ነው።

በመጋቢት ሄጄ ጠየቅኩት። ሥጋው ተመልሷል፤
ትናንቱ ግን አብሮት አልመጣም።
«ከልጅሽ ጋር» አለኝ፣ «ትናንት በረዶውን በስተን
ዓሣ ስናጠምድ ዋልን። ጎበዝ ልጅ ነው።»
ልጅ የለኝም።
ውሸት እንዳይመስላችሁ፤ አንጎሉ፣ ብል የበላው ኩታ ላይ፣
ቀዳዳውን ባገኘው ክር እየጠለፈ ነው።

ናፕኪን ዘረጋሁለት፤ እስክሪብቶ አስያዝኩት።
እጁ ቀጥ አለ። ያለ ጠርሙስ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ቀጥ አለ።
ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ መስመር አሰመረ፣ ውሃ ልክ፤
ከዚያ ቀና ብሎ
«የማንን ስም ነበር የምጽፈው?» አለኝ።