የለውዝ መጠቅለያ

ፊልሙ ዓርብ ደረሰ፣ በሌሊት አውቶቡስ፣
ከሹፌሩ ወንበር ሥር፣ በፎጣ ተሸፍኖ፣ እንደ ዳቦ ትኩስ።
ፖስተሩ ግን ቀረ።
«ሰኞ ይላካል» አሉን ካዲስ አበባ፤
ሰኞ ማለት ለኛ፣ ከሠርጉ በኋላ የሚመጣ አበባ።

እኔ ለጣፊ ነኝ። ሙጫና ባልዲዬን በብስክሌት ጭኜ፣
ከከዚራ ጥላ እስከ መጋላ ጥግ ሃያ ዓመት ባክኜ፣
የትኛው ግድግዳ ስንት ዓይን እንደሚስብ በልቤ መዝግቤ፣
ያን ቀን የሚለጠፍ አጥቼ ቁጭ አልኩኝ፣ ሙጫዬ ሲደርቅ እያየሁ ቀርቤ።

ምንተስኖት ከደጁ ቆሟል፤ ሸሚዙ አዲስ ነው፣ አልተነቀለም ስፒሉ፤
ያባቱ ወፍጮ ቤት፣ ከነድንጋዩ፣
ተፈጭቶ ያለቀው እዚህ ፊልም ላይ ነው፣ አራት ዓመት ሙሉ።
«ስንት ሰው ገባ?» ይላል በየአምስት ደቂቃው፤
ቲኬት ቆራጯ ረምላ ጥፍሯን ታያለች፤ ምን ትበለው?

ሮብሌን ቀጠርነው፣ በባጃጁ ጣራ ድምፅ ማጉያ አሥሮ
በሦስት ቋንቋ እንዲጮህ፤
የኛ ብር ግማሽ ቀን እንኳ አልሞላም፣ ፍራሽ ሻጭ ከፈለ አብሮ።
«ድንቅ ፊልም በከተማችን» ብሎ ሳይጨርስ፣ «ስፖንጅ ፍራሽ፣ በግማሽ ዋጋ!»
ደግሞም የጮኸው በስምንት ሰዓት ነው፤
ድሬ በሯን ዘግታ፣ ምንጣፏን ዘርግታ፣ በርጫ ላይ ስታወጋ።
ፀሐይ እንኳ በዚያ ሰዓት ጥላ ትፈልጋለች፤
አንዲት ሴት ብቻ መጥታ «ፍራሹ የታል?» አለች።

አሥራ አንድ ሰው ገባ።
ሁለቱ ለቬንትሌተሩ፤ አንዱ ካበዳሪው ሸሽቶ፤
ያቺም የፍራሽ ሴት «አንዴ መጥቻለሁ» ብላ ገባች፤
ስትወጣ ሳያት ሻሿ ርሷል፣ ዓይኗ ቀልቶ።

እሑድ ማታ ሄደ፤ ውሉ ለሁለት ቀን ነው፣ ጅጅጋ ይጠብቃል፤
ማክሰኞ ፖስተሩ ከች አለ፤ አራት መቶ ቅጂ፣ ወረቀቱ ያብረቀርቃል፣
ያምራል፣ እግዜር ያውቃል።
ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ፤
የኛ ውሻ ደግሞ ባለቀለም ነው።

ምን ላድርግ? ለዘይቱና ሸጥኩት በኪሎ፣
ከቀፊራ መግቢያ ለውዝ ለምትሸጠው፤
ዋለ በየሰው መዳፍ፣ ለውዝ ታቅፎ ተጠቅልሎ።
ላንዱ ግማሽ ከንፈር፣ ላንዱ ግራ ዓይን ከነጠብታ እንባዋ፣
ላንዱ «ደረሰኝ» የሚል ቃል ብቻ፣ ላንዱ ደግሞ «የአሸዋ»።
በየበርጫው ምንጣፍ፣ ለውዙ ሲያልቅ፣ ቅዳጁን ገጠሙት፤
«አገጯ እኔ ጋ ነው!»
«ዝም በል፣ ግንባሯን ስጡኝ!» ተሻሙት።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ባልዲዬን ላጥብ ብወጣ፣
ሰልፍ! ከደጃችን እስከ ደቻቱ ድልድይ፣ ለውዝ እየቃመ የመጣ።
«መቼ ነው የሚታየው?»
«ሄዷል» አልኩኝ። «ዛሬ ኳስ ነው የምናሳየው።»
ለምንተስኖት ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው።

ሰው ሊበተን ሲል ያቺ የፍራሽ ሴት
(ስሟ ሂቦ ነው ለካ) ደረጃው ላይ ወጣች፤
«እኔ አይቼዋለሁ፤ ቁጭ በሉ» አለችና
የጎርፉን ጉርምርምታ ከጉሮሮዋ አመጣች።
ዘይቱና ለውዟን አዞረች፤
ረምላ ሳታስበው የቲኬት ጥራዟን ገለጠች፣ መልሳ ዘጋች።

በፊልሙ አሸዋ ጫኙን ደቻቱ ወስዶት ይቀራል፤
በሂቦ ግን ሲነጋ፣ ከነእርጥብ ሸሚዙ፣
ደረሰኙን በጥርሱ ነክሶ በሩን ያንኳኳል።
ሰው አጨበጨበ።

እውነተኛውን መጨረሻ ያየን እኔን ጨምሮ አሥራ ሁለት ነን።
ባልዲዬን ገልብጬ ተቀመጥኩበት፤
አላረምኳትም።