የማይወልቅ ቀለበት

መርፌውን የወጋሁት እኔ ነኝ፤ ስሜ ኤፊዚያ፤
ካሊያሪ ላይ፣ ባሕር ከሚታይበት ከዚያ
የአእምሮ ሕሙማን ከሚተኙበት ክፍል፣
በሌሊት ተራዬ፣ መስከረም እኩል።

ባኪዚዮ ይሉታል፤ ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ፤
«ግድግዳው ያማኛል፣ ወንድሜ መረዘኝ»
እያለ ሲጮህ ነው አባቱ ያመጣው፣
ከኢሲሊ ድረስ፣ በጭነት መኪናው።
አባትየው አንጥረኛ፣ መዳብ ቀጥቃጭ ነው፤
መዳፉ አረንጓዴ፣ ጥፍሩን ጥላሸት የዋጠው፤
ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ኮፍያውን ሲያዞረው
የልጁ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ማን ልብ አለው?

«ፍርሃት ነው» አልን። «ሱስ ነው» አለ አንዱ።
ቃላቱ ሲኮላተፉ፣ እግሮቹም ሲከዱ፣
ምራቁ ከከንፈሩ ሲወርድ በትራሱ፣
አንዲት ቃል በቃችን፣ ለሥጋም ለነፍሱ።

ሐኪሙ አዘዘ። ሃሎፔሪዶል፤ በጡንቻ፤ አምስት ሚሊግራም።
እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ሲነጋ ጸጥ ብሏል። እሰይ፣ ተኛ አልን።
ሁለተኛውን ወጋሁ፤ ከዚያ ሦስተኛውን።

በሦስተኛው ቀን እንጨት ሆነ። አንገቱ ወደኋላ ታጥፎ፣
መንጋጋው ተቆልፎ፣
ላቡ ካንሶላው አልፎ፤
ትኩሳቱ አርባ ከግማሽ፤
አይኑ ብቻ የቀረው፣ የሚንከራተት፣ የሚሸሽ።
እብደቱ ባሰበት ብዬ (ይቅር ይበለኝ)
አራተኛውን አምፑል ልሰብር ስል አይኑ ለመነኝ።

ያን ሰዓት ገባች ቦናሪያ፣ ተለማማጇ፣
አንዲት ትንሽ ባትሪ ይዛ በእጇ፤
ሽፋሽፍቱን ገልጣ አይኑን ስታበራው
በብሌኑ ዙሪያ፣ ጠርዙ ላይ፣ ይኸው፦
ቡናማ ቢጤ፣ ወርቅማ፣ አረንጓዴ፣
ቀለበት፤ ማንም ያላሰረለት፣ የማይወልቅ በዘዴ።

መዳብ ነው፤ ጉበቱ መሸኘት ያቃተው እንግዳ፣
አንጎሉ ውስጥ ገብቶ የያዘበት ጓዳ።
ሌላውን ያረጋጋው የኛው መድኃኒት
ለእርሱ ቁልፍ ሆነ፤ ከውጭ ዘጋበት።

አንቲዮኮ ሰማ። መዳፉን አየና
«ከኔ ነው?» አለ፤ «ከመዶሻዬ?» እንደገና።
«አይደለም» አለችው፤ «ከሥራህ አይደለም፤
ካንተም ከእናቱም ነው፤ ከሁለታችሁ ደም።»
ይህ ያጽናናው ያቁስለው እስከዛሬ አላውቅም፤
እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ ሌላ ቃል አልወጣም።

ባኪዚዮ ተረፈ። ሰባት ወር ፈጀበት
«ውሃ» ለማለት።
ግራ እጁ ዛሬም እንደተጨበጠ ነው።
በየሦስት ወሩ እንክብሉን ሊወስድ ሲመጣ
ስሜን ይጠይቀኛል፤ ሁሌ፤
ኤፊዚያ፣ እለዋለሁ። ይስቃል።
ሌላውን አልነግረው።