ሁለት መቶ አስር ዶላር

ቀን ቀን አውቶብስ እነዳለሁ፣ ዊኒፔግ፣ በፖርቴጅ ጎዳና፤
ማታ ቤቴ ገብቼ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ እነዳለሁ እንደገና።
ያኛው የጭነት መኪና ነው፣ ደመወዝ የለው፣ ተሳፋሪ የለው፤
የኮምፒውተሬን ተራራ ማን ነው ነድቶ የሚጨርሰው?
ፓስኳል፣ የሥራ ጓዴ፣ ይስቃል፦ «አንቺ ሴት፣ መሪ አልጠገብሽም?»
«እዚያ» እለዋለሁ «ደወል ስቦ ማንም ዘገየሽ አይለኝም።»

ባለፈው ወር ግራፊክስ ካርዴ ማጓራት ጀመረ፤
አንዱ ማራገቢያ ቆመ፣ ሌላው እንደ ታመመች ድመት ሲያጣጥር አደረ።
ጭጋግ በመጣ ቁጥር ምስሉ ይንተባተባል፤
ዛፉ ሳጥን ሆኖ ይመጣል፣ ቅጠሉ ኋላ ይደርሳል።
አንዴማ ድልድይ ላይ ሳለሁ ድልድዩ ጠፋ።
ደግነቱ ወንዙም አብሮ ጠፋ፤ አልሰመጥኩም።

ሁለት መቶ አስር ዶላር አለኝ። ቆጥሬዋለሁ።
ከትርፍ ሰዓት የተረፈ፣ ከክረምት ጎማ የተቀነሰ፣
የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ተዘሎ እዚህ የደረሰ።

ሱቅ ሄድኩ። መስታወት ውስጥ የተኮፈሱትን አየኋቸው፣
ሦስት ሦስት ማራገቢያ፣ እንደ ሠርግ ቤት የሚብለጨለጭ መብራታቸው።
ዋጋቸውን አንብቤ ከንፈሬን መጠጥኩ፤
የማላውቀው ሰው ለቅሶ የደረስኩ መሰልኩ።
ሻጩ ልጅ ትሑት ነው። «በጀትሽ ስንት ነው?» አለኝ፤
ነገርኩት። አጎንብሶ ወደ ታችኛው መደርደሪያ መራኝ።
«ይሄ አዲስ ነው፣ ዋስትና አለው፣ ሜሞሪው ግን አራት ጊጋ ነው፤
ዘንድሮን ያሳልፍሻል፣ የከርሞውን አላውቀው።»
እግርሽን በፍራሽሽ ልክ ዘርጊ፤ ደግ ምክር ነው፣ እቀበላለሁ፤
ፍራሹ ጉልበቴ ላይ ካለቀ ግን፣ በምኑ ላይ እተኛለሁ?

ፓስኳል በእረፍት ክፍል፣ ሾርባውን እያማሰለ፦
«ያገለገለ ግዢ። ከስምንት ጊጋ እንዳያንስ። ፓወር ሰፕላይሽን እይው በመጀመሪያ፤
ባለስምንት ጥርስ ገመድ ከሌለው፣ የገዛሽው የበር ማቆሚያ።
ደግሞ የኢንተርኔት ሳንቲም ሲቆፍር የከረመ አለ፣
ቀን ከሌት የነደደ፤ ፊቱን አጥበው ይሸጡልሻል፣ ደህና የመሰለ።»

በሬ የሚገዛ ሰው ከንፈር ገልጦ ጥርስ ይቆጥራል።
የዚህ ዕድሜው የት ይነበባል? ከማራገቢያው አቧራ?
ከብሎኑ ጭረት? ወይስ ከሻጩ ዓይን፣ ስጠይቀው ሲፈራ?

ቅዳሜ፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፣ የቤተ መጻሕፍቱ መኪና ማቆሚያ፤
ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቀኝ፣ ዴሪክ ይባላል፣ ጺሙ የበረዶ መስቀያ።
ካርዱን በሕፃን ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ታቅፎታል።
«ሳንቲም ቆፍሯል?» አልኩት፣ ሰላምታዬን ሳልጨርስ።
ዝም አለ። መስኮቱ በትንፋሹ ደበዘዘ።
«ሰባት ወር» አለ። «አልዋሽሽም። ትርፉን የመብራት ሒሳብ በላው፤
አሁን መንታ ወለድን፣ የቆፈርኩበትን ክፍል አልጋ ያዘው።»

«ለሰባቱ ወር» አልኩት «መቶ ሠላሳ።»
«ለእውነቱ» አለኝ «መቶ ስልሳ።»

ከፈልኩ። እውነት በሠላሳ ዶላር፤
ከዚያ የረከሰ ዕቃ በዚህ ከተማ ገዝቼ አላውቅም።
«ካልሠራ መልሺው» ብሎ በዳይፐር ደረሰኝ ጀርባ አድራሻውን ጻፈልኝ።

ቤት ስገባ ወዲያው አልሰካሁትም፤ ብርድ የጠጣ ብረት ያልበዋል፤
ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ እንደ እንግዳ፣ ሁለት ሰዓት ጠበቅሁት።
ከዚያ ባለስምንት ጥርሱን ገመድ ገፋሁ። ቀጭ አለ።
የእኔም ጥርስ፣ ያ ቀጠሮው የተዘለለው፣ ሰማው መሰለኝ፤ ጠዘጠዘ።

ማራገቢያዎቹ ዞሩ፣ በሹክሹክታ።
ድልድዩ ቦታው ላይ ነው። ወንዙም።
የዝናብ ጠብታ በመስታወቴ ላይ አንድ በአንድ ወረደ፤
መንገድ ዳር ቆሜ ስቆጥር ጭነቱ ዘገየ፣ ገንዘቤ ተቀነሰ፤
«ዘገየሽ» የሚል ጽሑፍ መጣ፣ በጣም ጥርት ብሎ።

ሰኞ ኤንቨሎፑ ውስጥ ሃምሳ ዶላር ቀርቷል።
ጥርስ ሐኪሙ ቤት ደወልኩ። «ሃምሳ አይበቃም» አለችኝ ልጅቷ።
«ያገለገለ የላችሁም?» አልኳት።
ሳቀች፤ ቆይታም፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣
«እስቲ ስልክሽን ተዪልኝ» አለች።